ዝቅተኛው የመኪና ኢንሹራንስ የት ድረስ ያደርሳል?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ እንዲይዝ ሕግ ያስገድደዋል። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በሦስት ቁጥሮች ይነገራል። በዲሲ 25፣ 50 እና 10 ነው፤ በሜሪላንድ 30፣ 60 እና 15፤ በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ 50፣ 100 እና 25። ሁሉም በሺህ ዶላር የሚቆጠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር በአደጋው ለተጎዳ አንድ ሰው የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ ነው። ሁለተኛው፣ ተጎጂዎቹ ስንትም ይሁኑ፣ ለሁሉም ተደምሮ የሚከፈለው ነው። ሦስተኛው ለንብረት ነው፤ ንብረት ሲባልም መኪና ብቻ ሳይሆን የሱቅ መስታወት፣ አጥርና የመብራት ምሰሶ ይገባበታል።

ሦስቱም የሚከፈሉት ለሌላ ሰው ነው። ጥፋተኛ የተባለው ሾፌር ለራሱ መኪናም ሆነ ለራሱ አጥንት ከእነዚህ ቁጥሮች አንዲት ሳንቲም አያገኝም።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሾፌር ይህን አሠራር «ሦስተኛ ወገን» በሚለው ስሙ ያውቀዋል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በመንገድ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ በወጣበት ጊዜ ለሞት ከ40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ደግሞ ከ100 ሺህ ብር የማይበልጥ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ለንብረት የተመደበው ለአንድ ሰው ሕይወት ከተመደበው በልጦ መገኘቱ ሳያስገርም አይቀርም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከሦስቱ ቁጥሮች ትንሹ የንብረቱ ነው። መሠረቱ ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው። በእነዚህ ጣሪያዎች ሕጉ የሚያስበው መንገድ ላይ ስላለው ሌላ ሰው እንጂ ፖሊሲውን ስለገዛው አይደለም፤ ለሌላውም ቢሆን የሚያስብለት እስከ ጣሪያው ድረስ ነው።

በሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ዲሲን አቋርጦ በቨርጂኒያ ያለችው አርሊንግተን የሚገባ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በሦስት የተለያዩ ሕጎች ሥር ያልፋል። አብዛኞቹ ፖሊሲዎች ለዚህ አንቀጽ አላቸው። የዲሲን ዝቅተኛ መጠን የያዘ ሾፌር ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያጋጭ ለዚያ አደጋ ጣሪያው ወደ ቨርጂኒያ ዝቅተኛ መጠን ከፍ ይልለታል። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ሲመለስ እንደገና 25፣ 50 እና 10 ነው። አንድ ዓይነት ግጭት፣ አንድ ዓይነት ስብራት፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሌላ ሌላ ዕዳ ያመጣል። ቁጥሮቹ ከአደጋ መጠን ጋር የተለኩ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ባልሆነ።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ

በአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስን ለሾፌር ሁሉ ግዴታ በማድረግ የቀደመው ማሳቹሴትስ ነው፤ ሕጉ በ1927 ሥራ ላይ ዋለ። ሌሎቹ ስቴቶች እስኪከተሉ አሥርት ዓመታት አለፉ። ኒው ሃምፕሻየር ዛሬም ሁሉንም ሾፌር አያስገድድም። አንዴ የተጻፈ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ አይነካም። ካሊፎርኒያ በ1967 ያወጣችውን 15፣ 30 እና 5 የለወጠችው በጃንዋሪ 2025 ነው። በ1967 በ15 ሺህ ዶላር ይገዛ የነበረውን ለመግዛት ዛሬ ከ130 ሺህ በላይ ያስፈልጋል፤ አዲሱ የካሊፎርኒያ መጠን ግን 30 ሺህ ነው። ሜሪላንድ በ2011 የአካል ጉዳቱን ከ20 እና 40 ወደ 30 እና 60 ስታሳድግ የንብረቱን 15 እንዳለ ተወችው። ቨርጂኒያ እስከ 2021 መጨረሻ በ25፣ 50 እና 20 ቆይታ ከዚያ በሁለት እርከን ወጣች።

እዚያው ቨርጂኒያ እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ 500 ዶላር ለስቴቱ ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ክፍያው ሽፋን የሚመስላቸው አልጠፉም። አልነበረም፤ የከፈለው ሰው አደጋ ካደረሰ ካሳው ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ከራሱ ኪስ ነበር።

በየምክር ቤቱ የሚሰማው ክርክር ተመሳሳይ ነው። አንዱ ወገን ጣሪያው ከፍ ካለ አረቦኑ ይንራል፣ አረቦኑ ሲንር አቅም የሌለው ሾፌር ጭራሽ ሳይገዛ ይነዳል ይላል። ሌላው ወገን የተጎዱትን ሰዎች የሆስፒታል ሂሳብ ይዞ ይቀርባል። በመካከል የሚወጣው ቁጥር የድርድር ቁጥር ነው። በሕግ ስለተጻፈ ብቻ ባለሙያ መዝኖ የበቃ ያለው ይመስላል፤ ማንም እንደዚያ አላለም። በዚህ መሐል የመኪና ዋጋ መንገዱን ቀጥሏል። የመኪና ዋጋ የሚከታተለው ኬሊ ብሉ ቡክ እንደሚለው በአሜሪካ የአዲስ መኪና አማካይ መሸጫ በሴፕቴምበር 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ 50 ሺህ ዶላር አልፏል። የዲሲ የንብረት ጣሪያ የዚህን አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ

ሂሳቡን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ምሽት ነው እንበል፤ ካፊያ አለ። አንድ ሾፌር በዲሲ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወደ ሰሜን ይነዳል። ስልኩ ይጮሃል፣ ዓይኑ ለአፍታ ወደ ታች ይወርዳል። ቀና ሲል ከፊቱ ያለው መኪና ቀይ መብራት ይዞት ቆሟል። ፍሬን ቢረግጥም እርጥቡ አስፋልት ያንሸራትተዋል። የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለውን ትልቅ የቤተሰብ መኪና ከኋላው ይመታል፤ እሱም ተገፍቶ ዳር የቆመ ሌላ መኪና ላይ ይወጣል። ፖሊስ ይመጣል፣ አምቡላንስ ይከተላል። ሾፌሩ ከዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ የኢንሹራንስ ካርዱን አውጥቶ ይሰጣል። ፖሊሱ ቁጥሩን መዝግቦ ይመልስለታል። ካርዱ ሕጋዊ ነው። ጣሪያው ስንት እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ካርዱ ላይ አይጻፍም፤ ፖሊሱም አይጠይቅም።

የቤተሰቡ መኪና ከጥገና በላይ ሆኖ 38 ሺህ ዶላር ተገመተ። የቆመው መኪና ጥገና 6 ሺህ ጠየቀ። አንድ ላይ 44 ሺህ ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው 10 ሺህ፣ የሚቀረው 34 ሺህ። ከተመታው መኪና ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው። ሴትየዋ ጭናቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ሕክምናው፣ የቀረባቸው ደመወዝና የሥቃይ ካሳው ተደምሮ 60 ሺህ ደረሰ። ባልየው 20 ሺህ፣ ልጃቸው 9 ሺህ። ለሴትየዋ ከ25 ሺህ በላይ መክፈል አይቻልም። ለባልየው 20 ሺህ ሲጨመር 45 ሺህ ይሞላል፤ ለልጁ ከ50 ሺህ የተረፈው 5 ሺህ ብቻ ነው። ከአካል ጉዳቱ ያልተሸፈነው 39 ሺህ ሆነ። ከንብረቱ ጋር ሲደመር 73 ሺህ ዶላር ባለቤት ይፈልጋል።

ማንም አልሞተም፤ ሾፌሩም አልሰከረም፣ አልፈጠነም። ምሳሌው ሆን ተብሎ መካከለኛ ተደርጓል። ጣሪያውን ለማለፍ አሰቃቂ አደጋ አያስፈልግም፤ አንድ ጭንና አንድ አዲስ መኪና ይበቃሉ።

ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ

ከጣሪያው በላይ ያለው ገንዘብ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ይጠየቃል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። የተጎጂው ጠበቃ የሾፌሩን ንብረትና ገቢ ያጣራል። የሚገኝ ነገር ከሌለ በጣሪያው ልክ ተቀብሎ ሾፌሩን ከተጨማሪ ክስ ነፃ የሚያደርግ ሰነድ ይፈርማል። ዝቅተኛ ኢንሹራንስ ይዘው አደጋ ካደረሱ ሰዎች ብዙዎቹ ከችግሩ የሚወጡት በዚህ በር ነው፤ «ምንም አልሆንኩም» የሚሉ ሾፌሮችም የሚያወሩት እውነታቸውን ነው። ያላወሩት ነገር ቢኖር፣ በሩ የተከፈተላቸው የሚወሰድ ነገር ስላልነበራቸው መሆኑን ነው።

የንብረቱ ዕዳ በሌላ መንገድ ይመጣል። የተመታው መኪና ባለቤት ሙሉ ሽፋን ካለው የራሱ ኢንሹራንስ ይከፍለዋል፤ ከዚያ የከፈለውን ለማስመለስ ወደ ጥፋተኛው ይዞራል። ያኔ በሌላ ወገን የቆመው በግጭቱ የደነገጠ ሰው ሳይሆን ዕዳ መሰብሰብ የዕለት ሥራው የሆነ ድርጅት ነው። በየወሩ እንዲከፈለው ሊስማማ ይችላል፤ ይቅር ብሎ የሚተው ግን ጥቂት ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ኢንሹራንሱ ለደንበኛው ጠበቃ ያቆማል። በተጠያቂነት ሽፋን ውስጥ ብዙ ሰው የማይቆጥረው ጥቅም ይህ ነው፤ የጠበቃው ወጪ በአብዛኛው ከጣሪያው አይቀነስም። ጣሪያው ለካሳ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ግን ኢንሹራንሱ መከራከሩን የመቀጠል ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ተጎጂው በጣሪያው ልክ ለመታረቅ ሲጠይቅ ኢንሹራንሱ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለና ፍርዱ ከጣሪያው በላይ ከወጣ፣ ትርፉ ወደ ኢንሹራንሱ ሊዞር የሚችልበት የሕግ መንገድ አለ። የዕርቅ ጥያቄ መቅረቡን የሰማ ሾፌር እንዲታረቁለት በጽሑፍ መጠየቁ ለዚህ ይጠቅመዋል።

ከተፈረደ በኋላ ምን ይወሰዳል? የፌዴራል ሕግ ከተጣራ ደመወዝ እስከ 25 በመቶ እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ስቴቶች ከዚያ ሊያሳንሱ ይችላሉ። የባንክ ሂሳብ ይያዛል። ለቤት ቅድመ ክፍያ ተብሎ ከእቁብ ወጥቶ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የእቁቡን ዳኛ አያውቅም። በአንድ ሰው ስም የተያዘ ቤትም ዕዳው ይመዘገብበታል። በሌላ በኩል የጡረታ ቁጠባ በአብዛኛው አይነካም። ባልና ሚስት እንደ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ቤት ደግሞ በሦስቱም ሕጎች ሥር በአንዳቸው ብቻ ዕዳ አይያዝም። ብዙ ባለትዳሮች ይህ ጥበቃ እንዳላቸው ሳያውቁ ይሰጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቤቱ በአንዳቸው ስም ብቻ መሆኑን ረስተው ተማምነው ይኖራሉ። የባለቤትነት ሰነዱን አውጥቶ ማየት ነው።

ለሾፌር ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ከመኪና አደጋ የመጣ ፍርድ ሳይከፈል ከቀረ መንጃ ፈቃድ ሊታገድ ይችላል። በታክሲ፣ በኡበር ወይም በዕቃ ማድረስ ለሚተዳደር ሰው ይህ እንጀራውን መቀማት ነው።

«ምን አለኝና ምን ይወስዱብኛል?» የሚለው መልስ ለዛሬ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ክስ ዛሬ አይመጣም። የአካል ጉዳት ክስ ለማቅረብ ቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ ሦስት ዓመት ይሰጣሉ። በሜሪላንድና በዲሲ የተሰጠ ፍርድ 12 ዓመት ይቆያል፤ ሊታደስም ይችላል። አገሩን ገና የለመደ፣ ክፍል ተጋርቶ የሚኖርና አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ነርስ ይሆናል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ቤት ይገዛል። ስደተኛ ደግሞ የመጣው ለዚሁ ነው። ኢንሹራንሱን የሚመርጠው የዛሬውን ኪሱን አይቶ ሲሆን፣ ዕዳው የሚያገኘው ግን የነገውን ሰው ነው።

የተረሳው ግማሽ

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ሰው ሌላውን ሲመታ ነው። ስለ ዝቅተኛ ኢንሹራንስ የሚነሳ ወሬም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። ሳይገጭ የተገጨስ?

የአሜሪካ የኢንሹራንስ ምርምር ምክር ቤት እንደሚገምተው ከሰባት ሾፌሮች አንዱ ያህል ምንም ኢንሹራንስ የለውም። ካላቸውም መካከል ዝቅተኛውን የያዙት ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሰዎች የተመታን ሾፌር የሚያዋጣው የራሱ ፖሊሲ ውስጥ ያለው፣ ኢንሹራንስ በሌለው ወይም በቂ በሌለው ሾፌር ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው ክፍል ነው። መጠኑ የሚወሰንበት መንገድ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነው። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም፣ ደንበኛው በግልጽ ካላሳነሰው በቀር፣ ይህ ሽፋን ለሌሎች ከገዛው የተጠያቂነት ጣሪያ ጋር እኩል ነው። ለሌላው 30 ሺህ የገዛ ለራሱም 30 ሺህ ገዛ። ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ላለማባከን ብሎ ዝቅተኛውን የመረጠ ሾፌር የቀነሰው የራሱን፣ አጠገቡ የምትቀመጠውን ሚስቱንና ከኋላ ያሉትን ልጆቹን ነው።

በሜሪላንድ ነገሩ ከዚህም ሊብስ ይችላል። በቆየው የሜሪላንድ አሠራር ከራስ ሽፋን ላይ ጥፋተኛው የከፈለው ይቀነሳል። ዝቅተኛ መጠን የያዘን ሰው ሌላ ዝቅተኛ መጠን የያዘ ቢመታው፣ ከ30 ሺህ ላይ 30 ሺህ ተቀንሶ ባዶ ይቀራል። የሆስፒታሉ ሂሳብ 90 ሺህ ቢሆንም የራሱ ኢንሹራንስ ምንም አይጨምርም። ከጁላይ 2018 ጀምሮ በሜሪላንድ ይህን ቅነሳ የሚያስቀር የተሻሻለ ሽፋን መግዛት ይቻላል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2023 ወዲህ ቅነሳውን ትታ፣ ደንበኛው ሌላ ካልመረጠ፣ የራስ ሽፋን በጥፋተኛው ክፍያ ላይ እንዲታከል አድርጋለች። በዚያ 50 ሺህና 50 ሺህ ተደምሮ 100 ሺህ ይሆናል።

ሦስቱ አካባቢዎች የሚጋሩት ሌላ ጠባይ አለ፤ ከአብዛኛው አሜሪካ የሚለያቸውም ነው። በእነሱ ሕግ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ አንድ በመቶም ቢሆን፣ ከሌላው ሾፌር ካሳ የማግኘት መብቱን ሊያጣ ይችላል። ዲሲ በ2016 ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ይህን ሕግ አላልታለች፤ ለሾፌሮች ግን አልተነካም። ሕጉ በሁለት በኩል ይቆርጣል። ገጭቶ የሚከሰሰውን ሾፌር አንዳንዴ ያድነዋል። ተገጭቶ ካሳ የሚጠብቀውን ደግሞ መታጠፊያ መብራት ባለማሳየቱ ብቻ ባዶ እጁን ሊሰደው ይችላል። ያኔ የሚደርሱለት ጥፋት የማይቆጥሩት የራሱ ሽፋኖች ናቸው፤ ለመኪናው የግጭት ሽፋን፣ ለሕክምናው ደግሞ በሜሪላንድ ከ2,500 ዶላር የሚጀምረውና ብዙ ሰው አረቦኑን ለማሳነስ ብሎ ፈርሞ የሚተወው የግል ጉዳት ክፍያ።

ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር

ፖሊሲ የሚገዛበትን ቅጽበት ማየት ብዙ ያስረዳል። አንድ አዛውንት ሾፌር አማርኛ ለምትናገር ወኪል ይደውላሉ።

«ጋሼ፣ ላያቢሊቲ ብቻ ይሁንልዎ ወይስ ፉል ከቨር?»

«ልዩነቱ ስንት ነው፣ ልጄ?»

ትነግራቸዋለች።

«እንግዲያው ርካሹን አድርጊልኝ። መኪናዋ እንደሆነች አርጅታለች።»

የአዛውንቱ ምክንያት ጥሩ ምክንያት ነው፤ የመለሱት ግን ሌላ ጥያቄን ነው። ፉል ከቨር የሚባለው በተጠያቂነቱ (በላያቢሊቲው) ላይ የራስን መኪና ከግጭት፣ ከስርቆት፣ ከበረዶና ከወደቀ ዛፍ የሚከላከለውን መጨመር ነው። ለሌሎች ስለሚከፈለው ጣሪያ ምንም አይናገርም። ባንክ የሚከፍልለትን አዲስ መኪና የሚነዳ ሰው አበዳሪው ስላስገደደው ፉል ከቨር ይዞ፣ ጣሪያው 30፣ 60 እና 15 ላይ ሊሆን ይችላል። ራሱን ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ አድርጎ ይቆጥራል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ የተባለው ቢደርስበት የራሱ መኪና ይሠራለታል፤ ከጣሪያው ያለፈው ዕዳ ግን ይጠብቀዋል።

ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው። አሮጌ መኪናን ከግጭት ሽፋን ማውጣት ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው መኪናው በዕለቱ የሚያወጣውን ዋጋ ያህል ነው፣ ከዚያም ላይ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ባለመኪናው ከራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ይነሳል። ለ3 ሺህ ዶላር መኪና በዓመት 600 ዶላር ለግጭት ሽፋን መክፈል አያዋጣም። እንዲያውም ያ 600 ዶላር የተጠያቂነቱን ጣሪያ ለማሳደግ ቢውል ይሻላል። መኪናው ማርጀቱ በሌላው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አይቀንሰውም። የ2006 ኮሮላም የ2025 ቴስላን ይመታል።

ዋጋው

ጣሪያውን ማሳደግ ዋጋን በዚያው መጠን አያሳድግም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አብዛኞቹ አደጋዎች ትንንሾች ናቸው፤ መከላከያ የተጎዳባቸው፣ አንገት የታመመባቸው። ኢንሹራንሱ ከሁሉ ደጋግሞ የሚከፍለው የመጀመሪያዎቹን ሺዎች ነው፤ ከአረቦኑ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱትም እነሱ ናቸው። 80ኛው ሺህ ዶላር የሚከፈልበት አደጋ ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ሦስት እጥፍ ሲያድግ አረቦኑ የሚጨምረው በጥቂቱ ብቻ ነው። ትክክለኛው ልዩነት በዕድሜ፣ በመንዳት ታሪክና በሰፈር ይወሰናል። ካሊፎርኒያ፣ ሃዋይና ማሳቹሴትስ የክሬዲት ታሪክ እንዳይታይ ከልክለዋል፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ግን ይታያል፣ አዲስ መጤውንም የሚጎዳው እሱ ነው። ማድረግ የሚቻለው ወኪሉን በሁለት ወይም በሦስት የተለያየ ጣሪያ ዋጋ እንዲያወጣ መጠየቅ ነው፤ 30፣ 60 እና 15 ስንት ነው፣ 100፣ 300 እና 100 ስንት ነው? ጥያቄው ነፃ ነው። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ውድ ነው ብሎ ደምድሟል።

ቤት፣ ቁጠባ ወይም ንግድ ያለው ሰው ከዚያም በላይ መሄድ ይችላል። አምብሬላ የሚባለው ተጨማሪ ፖሊሲ ከመኪናና ከቤት ኢንሹራንስ በላይ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ይጀምራል። ሻጮቹ አስቀድሞ የመኪናው ጣሪያ ወደ 250 እና 500 እንዲያድግ ይጠይቃሉ።

በመኪና ለሚተዳደሩ

በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ የዚህ ሥራ ሕግ ለብቻው መታየት አለበት። የግል ፖሊሲ፣ ጣሪያው ምንም ያህል ይሁን፣ ተሳፋሪ በክፍያ ሲጫን በተለምዶ አይሠራም። ለኡበርና ለመሰሎቹ ተብሎ የወጣው ሕግ ጊዜውን ይከፋፍለዋል። ሾፌሩ መተግበሪያውን ከፍቶ ጥሪ ሲጠብቅ 50፣ 100 እና 25 ሺህ፤ ጥሪ ተቀብሎ ተሳፋሪው እስኪወርድ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ዶላር። መተግበሪያው ሲዘጋ የግል ፖሊሲው ይመለሳል።

ለራሱ መኪና ያለው ግን ሌላ ነው። እንደ ኡበር ያሉት ድርጅቶች ተሳፋሪ በተያዘበት ጊዜ ለሾፌሩ መኪና የሚከፍሉት በግል ፖሊሲው ላይ የግጭት ሽፋን ካለው ብቻ ነው፤ ዲዳክቲብሉም ከፍ ያለ ነው። ላያቢሊቲ ብቻ የያዘ የኡበር ሾፌር፣ ከኋላው የሚሊዮን ዶላር ፖሊሲ ቆሞ፣ የተሰበረ መኪናውን ይዞ ሊቀር ይችላል። ምግብና ዕቃ ለሚያደርሱትም ክፍተቱ አለ፤ አንዳንድ ኢንሹራንሶች በጥቂት ዶላር ጭማሪ ይሸፍኑታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሥራው ሳይነገራቸው ከደረሱበት ካሳውን ይከለክላሉ። ለወኪል መንገር ከሚያስወድደው ይልቅ አለመንገር የሚያስወድደው ይበልጣል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ መኪናውን አልፎ አልፎ ስለሚነዳ ወንድም ወይም ልጅም እንዲሁ ነው።

ዝቅተኛው የሚበቃቸው ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። ገቢው ከኪራይና ከቀለብ የማያልፍ፣ ንብረት የሌለው፣ መኪናውን ጥቂት የሚነዳ ሰው ልዩነቱን መክፈል ካልቻለ ዝቅተኛውን ሳያቋርጥ መያዙ ትልቅ ነገር ነው፤ ተቋርጦ የተገኘ ኢንሹራንስ ከቅጣቱ ሌላ የቀጣዩን ዓመት አረቦን ያንረዋል። በሌሎች ኢንሹራንሶች ለተገፉ የሜሪላንድ ነዋሪዎች ስቴቱ ያቋቋመው ሜሪላንድ ኦቶ አለ። እንዲህ ያለ ሰውም ቢሆን አንድ ነገር ብቻ መጨመር ከቻለ፣ ከሁሉ በፊት የሚያዋጣው ኢንሹራንስ ከሌላቸው ሾፌሮች የሚጠብቀው ክፍል ነው፤ ይህም ከላይ እንደተባለው ብዙውን ጊዜ ከተጠያቂነቱ ጣሪያ ጋር አብሮ ይወሰናል።

የያዘውን የማያውቅ ሰው የፖሊሲውን የመጀመሪያ ገጽ ያውጣ፤ ሦስቱ ቁጥሮች እዚያ ተጽፈዋል። ለመለወጥ የዓመቱን ወይም የስድስት ወሩን እድሳት መጠበቅ አያስፈልግም፣ በማንኛውም ቀን ደውሎ ማሳደግ ይቻላል። አዲሱ ጣሪያ የሚሠራው ከተለወጠበት ቀን በኋላ ለሚደርስ አደጋ ነው። ከዚያ በፊት ለደረሰው፣ ክሱ ቆይቶ ቢመጣም፣ የሚከፍለው በአደጋው ቀን የነበረው ፖሊሲ ነው።